መልስ የሚጠብቁ አምቡላንሶች

መሐንዲሷን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስትየዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማውን አምቡላንሶች በድምፅዋ ስትነዳ ኖራለች። መሪ ጨብጣ አታውቅም፤ መንጃ ፈቃድም የላትም። በድንገተኛ ጥሪ ማዕከሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሬዲዮ ፊት ተቀምጣ፣ የትኛው መኪና የት እንዳለ በጭንቅላቷ ይዛ፣ «አሥራ ሰባት፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው መንገድ ተቆፍሯል፣ በላይ በኩል ዙር» ትላለች። አሥራ ሰባትም ይዞራል። የሥራ ባልደረቦቿ «ካርታ» ይሏት ነበር። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ልጅቷ አድጋ ኮምፒውተር ተማረችና እዚያው ማዕከል ተቀጠረች። የተሰጣትም ሥራ የአክስቷን ጭንቅላት በማሽን መተካት ነበር። ከተማው ሰፍቶ አምቡላንሶቹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል፤ ያንን ሁሉ አንድ ሰው ሊሸከመው አይችልም። ሰው ሁሉ «ካርታ ትቀየማለች» ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ራት ላይ ጉዳዩን ራሷ አነሳችው።

«እኔ አንድ ቀን ብታመም ማን ይነዳቸዋል?» አለች። «ጭንቅላት አንድ ናት፤ እሷ ከተመታች አለቀ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። አንቺ ሦስት ትከዪ።»

መሐንዲሷም ሦስት ተከለች። መረጃውን የሚይዙትንና መኪኖቹን የሚመሩትን ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሮቹን፣ በሦስት ቦታ አስቀመጠች፤ አንዱን በማዕከሉ ምድር ቤት፣ አንዱን ከወንዙ ማዶ፣ አንዱን በምሥራቅ በኩል ከእሳት አደጋ ጣቢያው አጠገብ። አንዱ የሚያውቀውን ሌሎቹም ያውቃሉ። አንዱ ቢሞት ሁለቱ ሥራውን ይሸከማሉ። በየአምቡላንሱ ደግሞ ታብሌት ተገጠመ። ታብሌቱ በየጊዜው «የምሄድበት አለ?» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ ደግሞ ይጠይቃል፣ አሁንም ካላገኘ ወደ ሌላው ሰርቨር ዞሮ ይጠይቃል። ተስፋ አይቆርጥም። መሐንዲሷ ከሁሉም በላይ የምትኮራው በዚህ ነበር።

ሲመረቅ የማዕከሉ ኃላፊ ባሉበት የአንዱን ሰርቨር ገመድ በእጇ መዘዘችው። ምንም አልሆነም። ጭብጨባው ቀለጠ። ካርታም ከባሏ ጋር ከኋላ ቆማ አጨበጨበች፤ በዓመቱም ጡረታ ወጣች። በሁለተኛው ዓመት የአምቡላንሶቹ ሬዲዮ ሁሉ ተነቅሎ መጋዘን ገባ። ሥራ አይሠራም፣ ቦታ ይይዛል ተባለ። መሐንዲሷም በነገሩ ተስማምታ ፈርማለች።

አራተኛው ዓመት ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ የምሥራቁ ሰርቨር ባለበት ቤት፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ውስጥ አንድ ዕቃ ተቃጠለ። ዕቃ መቼም ይቃጠላል። በመሐንዲሷ ስክሪን ላይ ካሉት ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች አንዱ ቀላ።

«ምሥራቁ ወደቀ» አለች፣ ሻይዋን ሳታስቀምጥ። «ችግር የለውም፤ ሁለቱ ይዘውታል።»

የፈረቃው አለቃ ከጎኗ ነበረች። ሬዲዮዎቹ ሲሰበሰቡ «አንቺ ብቻ ቀረሽን» ተብሎ የተቀለደባት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ «ሬዲዮ» ሆኖ ቀረ። «እንዲያው ይህን እርጋታሽን ለእኔ ቆርሰሽ ብትሰጪኝ» ብላት ወደ ሰዎቿ ሄደች።

ሁለቱ ሰርቨሮች ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ ጀምረው ነበር። መረጃው ምንጊዜም በሦስት ቅጂ መኖር አለበት ተብለው ታዘዋልና፣ ምሥራቁ ሲወድቅ የጎደለውን ሦስተኛ ቅጂ እየተከፋፈሉ መገልበጥ ያዙ። ትእዛዙን የጻፈችው መሐንዲሷ ናት። በምረቃው ቀን የሚገለበጠው የአንድ ሳምንት ጥሪ ስለነበር ማንም ሳያየው አለቀ። አሁን ግን የአራት ዓመት ጥሪ ነው። ሰርቨሮቹ ትንፋሽ አጠራቸው። በግማሽ ሰከንድ ይመጣ የነበረው መልስ በሦስት ሰከንድ ሆነ።

ታብሌቶቹ ደግሞ የሚጠብቁት ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ደግመው ጠየቁ። ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይጨርስ ሁለተኛው ደረሰበት፣ ሁለተኛውን ሳያነሳ ሦስተኛው። ለማንም የማይደርስ መልስ እያዘጋጀ ሲደክም የወንዝ ማዶው በሦስት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ቀላ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከእግሯ ሥር ያለው የምድር ቤቱም ቀላ።

መሐንዲሷ ሻይዋን አስቀመጠች።

የምድር ቤቱን አስነሳችው። አርባ ሰከንድ ቆሞ ወደቀ። እንደገና አስነሳችው፤ ሃምሳ ሰከንድ ቆየና ወደቀ። የወንዝ ማዶውን ሞከረች፤ እሱም እንዲሁ። በአንድ ጠባብ በር ሕዝብ ሁሉ በአንዴ ልግባ ሲል ማንም እንደማይገባው፣ ሰርቨሩ ዐይኑን በገለጠ ቁጥር የሦስት መቶ አሥራ ሁለት መኪና ጥያቄ፣ የአምቡላንሶቹን መምጣት የሚከታተለው የየሆስፒታሉም ስክሪን ጥያቄ፣ በአንድ ላይ ይወርድበታል። ገና ሳይቆም ይጨፈለቃል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት።

ስልኩ ግን ይሠራል። ይህ ነበር የሚያስጨንቀው። ሰው ይደውላል፣ አሥራ ሁለቱ ስልክ ተቀባዮች ያነሳሉ፣ «ሰው እንልካለን» ይላሉ፤ የሚላክ መኪና የት እንዳለ ግን ማንም አያውቅም። የደዋዩን አድራሻ በወረቀት እየጻፉ መሀል ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ። የሾፌሮቹ ስልክ ቁጥር ያለው በወደቀው ሰርቨር ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ የአርባ ስድስት ሾፌሮች ስልክ ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። ሬዲዮ እሱን ገንጥላ ሁለት ሰው አስቀምጣ አስደወለች። ከአርባ ስድስቱ ያነሱት አሥራ አንዱ ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ ጡረታ ወጥቶ ዓሣ እያጠመደ ነበር። «መኪናስ የለኝም፤ ግን የምረዳው ነገር ካለ…» አላቸው።

ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ሬዲዮ ወደ መሐንዲሷ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ነው የምታወራው።

«መስመር ሰባት ላይ ያለውን ስልክ አንሺ። ጋሼሽ ነው።»

ጋሼ የአክስቷ ባል ነው፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው ልብስ ሰፊ፣ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ በከዘራ የሚሄድ።

«አንቺ ነሽ? እግዜር ይመስገን፣ አንቺን አገኘሁ» አለ። «እትዬሽ… ቁርስ ላይ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ምነው ስላት አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ልትነግረኝ ትፈልጋለች፣ ቃሉ አልወጣ አላት። ቀኝ እጇም አልታዘዝ ብሏታል።»

መሐንዲሷ ስትሮክ መሆኑን አወቀች። በእንዲህ ያለ ነገር ደቂቃ ማለት ምን እንደሆነም ታውቃለች፤ በማዕከሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ስማኝ። በጎኗ አስተኛት። ምንም ውሃ እንዳትሰጣት። ታክሲ ማግኘት ትችላለህ?»

«ታክሲውስ ይገኝ ይሆናል፣ ማን ያወርዳታል? አራተኛ ፎቅ እኮ ነን። የጎረቤቶቹን በር ሁሉ አንኳኳሁ፤ ሰው ሁሉ ሥራ ሄዷል። እኔ ራሴን ተሸክሜ መውረድ ያቅተኛል።» ቀጥሎም «አምቡላንሱ መቼ ይደርሳል?» አላት።

ለሌላ ሰው ቢሆን «ሰው እንልካለን» ይባላል። ለእሱ ግን መዋሸት አልቻለችም፤ እውነቱን መናገርም አልቻለችም።

«እየሞከርኩ ነው፣ ጋሼ» አለች።

«እሺ የኔ ልጅ። አንቺ ካለሽበትማ» አለና ስልኩን ዘጋ።

ሬዲዮ ትከሻዋን ያዘች።

«ሂጂ። በእግርሽ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፣ ብትሮጪ አሥራ አምስት። ከጥበቃዎቹ አንዱን ይዘሽ ሂጂና ተሸክማችሁ አውርዷት።»

መሐንዲሷ ተነሳች። በሩ ጋ ለመድረስ በመሀል ጠረጴዛው በኩል ማለፍ ነበረባት። ወረቀቶቹ ስልሳ ሦስት ደርሰዋል። ላይኛው ላይ፣ «የስድስት ወር ሕፃን፣ ትንፋሽ አጥሮታል፣ እናት ብቻዋን» ይላል። ከሥሩ ያለውን አላነበበችውም። ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር የሚያውቅ ከእሷ ሌላ አንድ ሰው ነበር፤ እሱ በሥራ ምክንያት ከከተማ ውጭ ነው፣ ስልኩም አይነሳም። ቆመች። እንባዋ እየወረደ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሬዲዮ ከጥበቃዎቹ አንዱን ጠርታ አድራሻውን ሰጥታ ብቻውን ላከችው።

መሐንዲሷ የምድር ቤቱን ለአምስተኛ ጊዜ አስነሳችው። ወደቀ። ለስድስተኛ ጊዜ። ወደቀ። እጇን ከቁልፉ ላይ አንስታ ስክሪኑን ስታይ ድንገት የምታደርገው ነገር ገባት። እሷም እንደ ታብሌቶቹ ደጋግማ እየጠየቀች ነው።

መላው አንድ ብቻ ነበር፤ የውጭውን በር መዝጋት። ታብሌቶቹን ሁሉ ከኔትወርኩ አቋርጦ፣ ሰርቨሮቹን በጸጥታ አስነስቶ፣ መገልበጡን አስቁሞ፣ ከዚያ በኋላ መኪኖቹን በየሰፈሩ ጥቂት በጥቂት ማስገባት። ይህን ለማድረግ ግን የኃላፊው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ኃላፊው ከላይ ፎቅ ወርደው ከኋላዋ ቆመው ነበር፤ ላብ በላብ ሆነዋል።

«በሩን ልዝጋው» አለቻቸው።

«ዘግተሽ? ማለት ሥርዓቱን ራሳችን አጠፋነው ሊባል ነው?»

«አሁንም ጠፍቷል እኮ።»

«አሁን እየታገለ ነው። ስታጠፊው ግን እኛ ነን ያጠፋነው። እስቲ አንዴ ብቻ ደግመሽ ሞክሪ።»

ሞከረች። ወደቀ። «እስቲ አንዴ» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈርተው ነው። ወደ ላይ ደወሉ፣ ከላይ ያሉት ወደ ሌላ ደወሉ፣ «እስቲ ያለውን ሞክሩ» የሚል መልስ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰዓቱ አራት ተኩል ሆነ። በመጨረሻ መሐንዲሷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች፤ ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ከውጭው ኔትወርክ የሚመጣውን ወፍራም ሰማያዊ ኬብል በእጇ ነቀለችው። የወንዝ ማዶውንም በስልክ አስነቀለች። ማንንም አላስፈቀደችም። ኃላፊው ደረጃው ላይ ቆመው አይተዋታል፤ ግን አልከለከሏትም።

ሰርቨሮቹ በጸጥታ ተነሱ። ቆሙ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ቆሙ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ኬብሉን መልሳ ሰክታ የመጀመሪያውን ሰፈር መኪኖች ብቻ አስገባች፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ሬዲዮ ከላይ «መኪና ታየኝ! ሃያ ዘጠኝ ታየኝ!» ብላ ስትጮኽ እስከ ምድር ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው መነሳት ጀመሩ።

ጥበቃው ካርታ ቤት ደርሶ ነበር። በቀጭኑ ደረጃ ብቻውን ሊያወርዳት ሞክሮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አቃተው፤ ኮቱን አንጥፎ መተላለፊያው ላይ አስተኝቷት፣ ጋሼ ከዘራውን ጥሎ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀምጦ፣ አምቡላንሱ ያገኛቸው እዚያ ነው። ሰዓቱ ለአምስት ሁለት ጉዳይ ነበር።

መሐንዲሷ ሆስፒታል የደረሰችው ከሰዓት በኋላ፣ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዐይኖቿ ደክመዋል።

«የደም ሥሯ ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሰጥተናታል። በሕይወት ትኖራለች» አለቻት። «ንግግሯ ግን በጣም ተጎድቷል።»

«አንድ ሰዓት ቀድማ ብትመጣ ኖሮስ?»

«ሊሻላት ይችል ነበር። ላይሻላትም ይችል ነበር። ይህን ማወቅ አንችልም።»

መሐንዲሷ እርግጡን ብትሰማ ይሻላት ነበር። «አዎ፣ በአንቺ ጥፋት ነው» ብትባል የምትይዘው ነገር ይኖራታል፤ «አይ፣ ለውጥ የለውም» ብትባልም እንደዚያው። የተሰጣት ግን ይህ ነው፤ ወደ ቤቷ ይዛው ገባች።

በማግስቱ ማዕከሉ ገብታ የሰርቨሮቹንና የታብሌቶቹን መዝገብ ከፍታ ማንበብ ጀመረች። ሥራዋ ነው። ሁሉም እዚያ አለ፤ የትኛው መኪና በየትኛው ሰከንድ የት ቆሞ እንደ ነበር። የአክስቷን ሕንጻ ፈልጋ ካርታው ላይ ነጥብ አደረገችና በዙሪያው የነበሩትን መኪኖች አወጣች። አምቡላንስ ቁጥር ስልሳ አራት፣ ከሦስት ሰዓት ከአምስት እስከ አራት ሰዓት ከሃምሳ አራት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ጥግ ላይ። ከአክስቷ በር አራት መቶ ሜትር አይሞላም።

ሥርዓቱ ሲነሳ ወደ ሌላ ሕመምተኛ የተላከውን የስልሳ አራትን ሾፌር ጠርታ አነጋገረችው። ዝግተኛ፣ ትሑት ሰው ነው።

«ስክሪኑ ‹በመሞከር ላይ› ይላል» አላት። «ክቡ ይሽከረከራል። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ነው የቆየሁት። ከቆምክበት አትንቀሳቀስ ተብለናል፤ ብንቀሳቀስ ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ። ምነው፣ ቅርብ የታመመ ሰው ነበር እንዴ?»

«አልነበረም» አለችው። ከዚያ በኋላ ለምን እንደዋሸችው ራሷም አላወቀችም። ምናልባት አንድ ሰው እንኳ ሌሊቱን ይተኛ ብላ ይሆናል።

የዚያን ቀን ከተጻፉት ወረቀቶች ውስጥ አራቱ አምቡላንሱ ሲደርስ ነገሩ ያለቀባቸው ነበሩ። ሕፃኑ ተርፏል። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሦስት ሳምንት ተሰበሰበ፤ ኃላፊው ስለ «እስቲ አንዴ ደግመሽ ሞክሪ» ራሳቸው ተነስተው ተናገሩ፤ በመጨረሻ የተጻፈው ግን ማንም ጥፋተኛ አይደለም የሚል ነው። መሐንዲሷ ይህንንም እንደ ሐኪሟ መልስ ይዛው ወደ ቤቷ ገባች።

ሥራውን ግን ሠራችው። አሁን መልስ ያጣ ታብሌት ወዲያው ደግሞ አይጠይቅም፤ ትንሽ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ ከዚያ የበለጠ ይጠብቃል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይመጡ የእያንዳንዱ መጠበቂያ ከሌላው ይለያል። አምስቴ ሞክሮ ካልሆነለት ዝም ይልና ስክሪኑ ላይ በቀይ «ማዕከሉ አይመልስም፤ በሬዲዮ ጠይቅ» ብሎ ይጽፋል። ሬዲዮዎቹ ከመጋዘን ወጥተው ተገጠሙ። መገልበጡ በዝግታ፣ ትርፍ አቅም ሲገኝ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ሰርቨሩም ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት «አሁን አልችልም» ብሎ መመለስ ተማረ። ኬብሉን ለመንቀል የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። በየወሩ አንድ ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ራሳቸው አንዱን ሰርቨር ይጥላሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ያለችግር አለፈ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ሬዲዮ አቀፈቻት። መሐንዲሷ ግን ከሙከራው በኋላ ቦርሳዋን አንስታ አክስቷ ጋ ሄደች።

ካርታ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀኝ እጇ ትራስ ላይ ተደግፏል። በሽታው የተወላት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሐሙስ»። ለምን ሐሙስ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ሐኪሟ «እንዲህ ይሆናል፣ አንድ ቃል ይቀራል» ብላለች። ውሃ ስትፈልግም «ሐሙስ» ነው፣ መስኮት እንዲዘጋላት ስትፈልግም፣ ሲያማትም። ጋሼ ግን ከአነጋገሯ መለየት ለምዷል። «ይሄኛው ሐሙስ ብርድ ልብስ ነው» እያለ ይነሳል።

መሐንዲሷ ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች። ስለ ሙከራው ነገረቻት፤ ስለ ሬዲዮዎቹ፣ ታብሌቶቹ አሁን እንዴት ተራ እንደሚጠብቁ። አክስቷ ዐይኗን ሳትነቅል ሰማቻት። መሐንዲሷ ልትጨርስ ስትል ሳታስበው ያንን የመድኃኒት ቤቱን ጥግ፣ ስልሳ አራት ቁጥርን፣ አራት መቶ ሜትሩን ነገረቻት። እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረችውም።

ካርታ በግራ እጇ የልጅቷን አንጓ ያዘች፤ አያያዟ ጠንካራ ነው።

«ሐሙስ» አለቻት። ቀስ ብላ፣ በእያንዳንዱ ፊደል እየተጠነቀቀች። «ሐሙስ። ሐሙስ።»

መሐንዲሷ ፊቷን አየች፤ ቁጣም ይሁን ምሕረት፣ ወይም ሌላ ነገር፣ ልትለየው አልቻለችም። ወደ ጋሼ ዞረች።

«ምን አለችኝ?»

ጋሼ ከዘራውን ተደግፎ ቀረብ አለ፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሚስቱ ደግማ እስክትናገር ጠበቀ፣ ሰማት፤ ራሱንም ነቀነቀ።

«ይሄኛውን እኔም አላውቀውም፣ የኔ ልጅ» አላት።